ንጹሕ ሆኖ የተገኘው ጭቃ

ሲፈን ዋና አትችልም፤ የሥራ ቀኗን የምታሳልፈው ግን ከውኃ በታች ሃያ ሜትር ላይ ነው። «ጉማሬ» የሚሏት ባለ አንድ ወንበር ጠላቂ ጀልባ ጠዋት ጠዋት የሐይቁ ወለል ላይ ታሳርፋታለች፤ እሷም ቁርሷን እያኘከች ደለሉን ታነባለች። የጀልባዋ መርፌ ጭቃው ውስጥ ጠልቆ በየዓመቱ የተነጠፈውን ስስ ንጣፍ እየቀመሰ፣ የትኛው ዓመት ምን ያህል የተባይ መርዝ እንደያዘ ይናገራል።

ከዚህ ሐይቅ ዓሣ ከተበላ አርባ ዓመት አልፎታል። ይህ በሆነበት ቀን ማግስት ግን የምትሠራበት ቤተ ሙከራ «መርዝ በል» የተባሉትን፣ ሰው የፈጠራቸውን ረቂቅ ነፍሳት ሊለቅ ነው። በሦስት ወር ወለሉን ያጸዱታል ተብሏል። ለሲፈን የቀራት የመርዙን ካርታ መጨረስ ብቻ ነበር።

በምሥራቁ ዳርቻ አጠገብ መርፌው ዜሮ አለ።

«ተበላሸ» አለች። አጥባ ደግማ ወጋች፤ ዜሮ። አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ስትሞክር መርዙ እንደ ወትሮው ሞልቷል። ተመልሳ ስትወጋ አሁንም ዜሮ። መርፌው ደህና ነበር።

ጭቃውን ቆንጥራ በጀልባዋ ማይክሮስኮፕ አየችው። ማንም ያልፈጠራቸው የሐይቁ ረቂቅ ነፍሳት ይርመሰመሱበታል። አንድ ጠብታ መርዝ ጨመረችባቸው፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሉት። ከዚያ ለሙከራ ከተሰጣት ብልቃጥ መርዝ በሎቹን ቀላቀለችባቸው። የሐይቁ ነፍሳት አንድ ሳይቀሩ አለቁ።

ስትመለስ ወደብ ላይ የጀልባዋን ገመድ የሚያስሩት የሰማንያ ሁለት ዓመቱ አዛውንት አባባ ቱፋ ነበሩ።

«አባባ፣ እዚያ ምሥራቁ ዳርቻ ካለው ሾላ ፊት ለፊት ድሮ ምን ነበር?»

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እስካሁን ከወጋሁት ሁሉ መርዝ የሌለበት እዚያ ብቻ ነው።»

«አይሆንም!» ገመዱ ከእጃቸው ወደቀ። ቀስ ብለው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «እዚያ የደፋሁት እኔ ነኝ። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ ቲማቲም እርሻ ላይ የተባይ መድኃኒት እረጭ ነበር። ጊዜው ያለፈበትን በበርሜል ሰጥተው አስወግድ አሉኝ። ሚስቴ እንኳ ሳታውቅ ሞተች።»

ያኔ ለሲፈን ገባት። መርዙ እጅግ በበዛበት ቦታ የተረፉት ጥቂት ነፍሳት በስድሳ ዓመት ውስጥ እሱኑ መብላት ተምረዋል።

«ታዲያ ጥሩ ሠርቻለሁ ማለት ነው?» አሉ አባባ ቱፋ፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ።

«አይደለም፣ አባባ። ስንቱ አልቆ ነው እነዚህ የተረፉት።»

«እንደሱ በይኝ» አሉ። አልተከፉም።

ሲፈን ለኃላፊዋ ለዶክተር ምሕረተአብ እዚያው ደውላ፣ መርዝ በሎቹ እንዳይለቀቁና የሐይቁ ነፍሳት እንዲራቡ ለመነች።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አሥራ ሁለት ዓመት።»

«ሕዝቡን ሦስት ወር ብለነዋል እኮ! ደግሞ የአንድ ቦታ ጭቃ ማስረጃ አይሆንም። ምናልባት አጋጣሚ ይሆናል።»

አባባ ቱፋ ከጎኗ ሁሉንም ሰምተዋል። አሥራ ሁለት ዓመት እንደማይቆዩ ያውቃሉ፤ ዝም ቢሉ ደግሞ ስማቸውን ከመርዙ ጋር የሚያነሳ የለም። ተነሥተው ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ።

«መርዝ የተደፋበት ሌላም ሁለት ቦታ አለ» አሉ። «ወስጄ አሳያችኋለሁ።»

«ማን ልበል?» አለ ዶክተሩ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቱፋ ገነሞ እባላለሁ። የደፋሁት እኔ ነኝ፤ ጻፈው።»