ቤቴ ቢነሳ ፈቃዴ ነው

እኔ በሂሳብ እንጂ በወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፤ በጃንሆይ ዘመን ንፋስ መውጫ አስተማሪ ሳለሁ ጎረቤቶቼ ስለ ዛርና ስለ ሙት መንፈስ ሲያወሩ «ደግሞ ጀመራችሁ!» እያልኩ የምስቅ ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ ይህንንም የምነግራችሁ እያፈርኩ ነው።

ያን ጊዜ ቆርቆሮ የሳር ክዳኑን ከከተማዋ እያባረረ ነበርና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌዎቹን ቤቶች ሳይፈርሱ በውሃ ቀለም እስል ነበር፣ ሰዉ ግን ከፎቶ አንሺ ሌላ ስለማያውቅ የእኔንም ሥራ «ማንሳት» ነበር የሚለው። ከገበያው ዳር የእመት ይታይሽ ክብ የድንጋይ ቤት ነበረች፣ ሟች ባላቸው በእጃቸው የካቧት። ልጅ አልወለዱም፣ እኔን ነበር «ልጄ» የሚሉኝ፣ በሄድኩ ቁጥር አሬራ ሳያጠጡ አይለቁኝም።

«አንሳት ልጄ» አሉኝ፣ «በሯን ግን ክፍት አርገህ አንሳት፣ የተዘጋ ቤት እንግዳ ይመልሳል።»

እንዳሉኝ ክፍት አድርጌ ሳልኳት።

ደሳለኝ የሚባል የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ጓደኛ ነበረኝ፣ ከአንድ መሶብ የምንበላ። ስዕሎቹን አይቶ «ኋላ ሰው እንዳይከስህ ከባለቤቶቹ ፈቃድ ተቀበል» አለኝና «ቤቴ ቢነሳ ፈቃዴ ነው» የምትል ወረቀት ጻፈልኝ፣ እግዜር እንዴት ያለ አሳቢ ወዳጅ ሰጠኝ ብዬ አመሰገንኩ! ለእመት ይታይሽ ራሴ አነበብኩላቸው፣ እየሳቁ አውራ ጣታቸውን አተሙ፣ ወረቀቱንም ደሳለኝ «እኔ ዘንድ ይቀመጥ» ብሎ ወሰደው።

ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ጉም ከተማዋን ሸፍኗት፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ፈተና ሳርም «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ የእንጨት መቀርቀሪያ ሲገባ የሚሰማው ዓይነት፣ የእኔ በር ደግሞ የሚዘጋው በቁልፍ ነው፣ መቀርቀሪያ የለውም። አይጥ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ትንሽ ቆይቶ የሰው ኮቴ፣ እንደገና «ቀጭ»። ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን የእመት ይታይሽን ቤት ስዕል ባይ፣ ክፍት አድርጌ የሳልኩት በር ተዘግቷል። እኔ ልሙት፣ ተዘግቷል! ብነካው ወር የሞላው ቀለም እርጥብ ነው፣ ጣቴ ቡናማ ሆነ።

ወደ ገበያው ሮጥኩ። የቤቷ ክዳን መሬት ላይ ተበትኗል፣ በሩ ከጠዋት ተነቅሎ ከአጥር ተደግፏል፣ ሰዎች ድንጋዩን ይንዳሉ፣ ደሳለኝ ወረቀቱን ይዞ መሃል ላይ ቆሟል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«ምነው? ቤቴ ይነሳ ብላ አትማለች፣ ያነበብክላት አንተ አይደለህ?» አለኝ ፈገግ እያለ።

ለካ ቦታውን ለራሱ አስመርቶታል፣ ኋላም የቆርቆሮ ሱቅ ሠራበት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር፣ ያን ቀን ነደድኩ፣ ዛሬም ስሙ ሲነሳ ያነደኛል። እመት ይታይሽ ያን ዕለት ማልደው በበቅሎ ወገዳ፣ ወንድማቸው ዘንድ ሄደው ነበር።

በሳምንቱ ወገዳ ድረስ ተከተልኳቸው። ደጃፍ ላይ ባቄላ ሲለቅሙ አገኘኋቸው፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«እመት ይታይሽ፣ አላወቅሁም፣ እኔንም ከድቶኛል!»

እጃቸው መልቀሙን አላቆመም።

«ይነሱ ጌታዬ፣ ልብስዎ ይቆሽሻል» አሉኝ። ቀጥለውም «በሩን ስዘጋብዎ አልሰሙም ኖሯል?» አሉ።

ስለ ድምፁ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም ነበር። ከዚያ በላይ አላነጋገሩኝም፣ በመጣሁበት ተመለስኩ።

ዓመት ሳይሞላ ማረፋቸውን ሰማሁ። ስዕሉን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኩት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ብትፈልጉ ሳቁብኝ፣ መልሼ አዞርኩና በሩን በጣቴ አንኳኳሁ፤ ከፈቱልኝ ብል ውሸቴን ነው።