የዱፊ አሥር ኤሌክትሮኖች

ለልጁ የፈተና መልስ ገዝቶ የሚሰጥ ሰው «ስለምወደው ነው» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። እኔ በሱንያኒ ከተማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ አፖር የምንለው ይህ የተሰረቀ መልስ ከተማችንን እንዴት እንደበላት አይቻለሁ። እስቲ የተማሪዬን የዱፊን ነገር ስሙ።

በእኛ ዘንድ የእህትን ልጅ ማስተማር የአጎት ዕዳ ነው። የዱፊ አጎት፣ የካካዎ ነጋዴው ጃምፊ፣ በኬሚስትሪ ፈተናው ጠዋት እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኛትና ክፍሉ በሙሉ የገዛውን አፖር እጇ ላይ አኖረላት። በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። ልጅቷ ፋርማሲ ለመማር ትመኝ ነበር፤ የሚያስገባትም ይህ ፈተና ነው።

ወረቀቱን ገለጥ አድርጋ አየችው። በአንድ ሞል ውኃ ውስጥ ስንት ኤሌክትሮን አለ ለሚለው ጥያቄ፣ የአቮጋድሮን ቁጥር በአሥራ ስምንት አባዙ ይላል።

«አጎቴ፣ ይሄ እኮ ስህተት ነው» አለች። «አሥራ ስምንት የአንድ ሞል ውኃ ክብደት ነው፣ በግራም። ኦክስጅን ስምንት ኤሌክትሮን አለው፤ ሁለቱ ሃይድሮጅኖች አንድ አንድ። የሚባዛው በአሥር ነው።»

«ከተማው ሁሉ አሥራ ስምንት ሲል አንቺ ብቻ አሥር? ቆጥረሻቸዋል እንዴ?»

«አዎ፤ አሁን ፊትዎ ቆጠርኳቸው።»

ጃምፊ ተቆጣ። ብትወድቅ ዳግመኛ እንደማያስተምራት፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ እንደሚያስቀጥራት ዛተባት። እሷም ወረቀቱን መለሰችለትና ገባች። ዲግሪ የደረደሩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ አገር ሁሉ ሲሳሳት ብቻውን እንዲህ የሚቆም ግን ስንቱ ነው?

ውጤት ሲመጣ የክፍሉ ልጆች ፈተና ተሰርዞ ተገኘ። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ አንድ ዓይነት ስህተት በአንድ ዓይነት ቃል ሲጽፍ አራሚው አይታለልም። የዱፊ ብቻ ጸና፤ ፋርማሲም ገባች።

ጃምፊ ኦቾሎኒ በኪሱ ይዞ ቤቴ መጣ። አሥሩ ከየት እንደመጣ እንዳሳየው ጠየቀኝ። እኔ እየነገርኩት ጠረጴዛዬ ላይ ስምንት ፍሬ ደረደረ፤ ቀጥሎ አንድ፣ ደግሞ አንድ። ከዚያ አሥሩንም አንድ በአንድ እንደገና ቆጠራቸው።

በዓመቱ አፖር የሚሸጠው ሰው ለዱፊ ታናሽ እህት የሚሆን ይዞ ጃምፊ ደጅ ደረሰ።

«አንድ ሞል ውኃ ስንት ኤሌክትሮን አለው?» አለው ጃምፊ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ሻጭ ነኝ፤ ኬሚስትሪ የት አውቄ!»

«እና የማታውቀውን ነው ለልጄ የምትሸጥላት?» ብሎ በሩን ዘጋበት።

ወላጆች፣ አፖር ሻጭ ደጃችሁ ሲመጣ እናንተም ይህንኑ ጠይቁት። ከዚያ በሩን ዝጉት።