አንድ በአንድ ይለፉ

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ከሰው ሰምቼ አይደለም የምነግራችሁ።

አስቀድሜ ግን ሁለት ምስክርነት ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

አለቃችን የካሜራውን ምስል ደጋግሞ አይቷል። «መስታወቱ ውስጥ የነበርከው አንተ ብቻህን ነህ። ሴንሰሩ ተበላሽቷል፤ በቃ» ይላል።

በሩ ደግሞ ሁለት ነበራችሁ ይላል።

አለቃችን ውሸት የሚናገር ሰው አይደለም። በሩም መዋሸት አይችልም፤ መቁጠር ያስተማርኩት እኔ ራሴ ነኝ።

እህቴን ብትጠይቋት ከሁለቱም ወገን አትሆንም። ትንፋሿን ትይዝና... ዙሪያዋን ታያለች።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነበር። ጨለማ የለም፣ ዝናብ የለም፣ መብራትም አልጠፋም። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የእህቴን ጠረጴዛ ግማሹን ይዛዋለች።

የምንሠራው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የጥበቃ በር እንሠራለን። ትልቅ መሥሪያ ቤት ስትገቡ አይታችሁት ይሆናል፤ ሁለት በር ያለው ጠባብ የመስታወት ሳጥን ነው። በአንዱ ትገባላችሁ፣ ከኋላችሁ ይዘጋል፣ ከዚያ ሌላው ይከፈታል። አንድ ሰው ብቻ።

ለደንበኛ ከማስረከባችን በፊት በራሳችን መግቢያ ላይ ገጥመን እንሞክረዋለን። ስለዚህ ከሥራ ክፍላችን ወደ ኮሪደሩ የሚያወጣው መንገድ እሱ ብቻ ነው። መስኮቶቹ የብረት ፍርግርግ አላቸው።

ይህን ልብ በሉልኝ።

እህቴ ታላቄ ናት፤ እታለም እላታለሁ። ሽቦውና ብየዳው የእሷ ሥራ ነው። የእኔ ደግሞ በሩ ውስጥ ላለችው ትንሽ ኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተሟን ማዘጋጀት ነው። ሲስተሙ ከነቅንብሩ ተጠቃልሎ አንድ ፋይል ሆኖ ይወጣል፤ ኢሜጅ እንለዋለን። የመሣሪያዋ ስም፣ ቋንቋዋ፣ ሰዓቷ፣ የይለፍ ቃሏ፣ ምን ስታይ ምን እንደምታደርግ... ሁሉም አስቀድሞ ይወሰናል። አንዴ ከተጫነ በኋላ በሩ አጠገብ ቆሞ ይህን ልለውጥ ማለት የለም። ዳቦው ከተጋገረ በኋላ ጨው አነሰው እንደማለት ነው። እንደ አዲስ ማቡካት ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ቅንብሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳጥኑ ውስጥ የሚፈቀደው አንድ ሰው ነው። ቁጥሩ አንድ እንደሆነ ሃያ ሰከንድ ከቆየ በር ይከፈታል፤ የሚከፈተውም ሰውየው የተጠጋው በር ነው። መውጣት የፈለገ ወደ ኮሪደሩ፣ መመለስ የፈለገ ወደ ክፍሉ ይጠጋል። መብራት ቢጠፋ ሁለቱም እንደተቆለፉ ይቆያሉ። ደንበኛው ጠንቃቃ ነው፤ እንዲህ ይሁንልኝ አለ፣ እንዲህ አደረግኩለት።

ሴንሰሩ ጣሪያው ላይ ነው። ሻንጣና ጃንጥላ ሰው ሆኖ እንዳይቆጠር፣ የደረትን ከፍ ዝቅ ማለት ብቻ እንዲያነብ አድርጌዋለሁ።

የሚተነፍስ ነገር ብቻ ነው የሚቆጥረው።

በሩ የሚናገርበት ድምፅ የእታለም ነው። ሌላ ሰው ስናጣ ማይክ ይዛ እየሳቀች ቀዳችልን። «እባክዎ አንድ በአንድ ይለፉ።»

አዲሱን ኢሜጅ ጭነን መሞከር ጀመርኩ። ወጣሁ፣ ተመለስኩ። ደግሜ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። እንከን አልነበረውም።

«አንዴ ድገመውና እንሂድ፤ ደክሞኛል» አለች እታለም።

ገባሁ። የክፍሉ በር ከኋላዬ ተዘጋ። ወደ ኮሪደሩ በር ተጠጋሁ።

ስክሪኑ ላይ 1 ታየ።

ከዚያ... 2።

«እባክዎ አንድ በአንድ ይለፉ።»

ዞር አልኩ። ማንም የለም። እጄን ብዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ እነካለሁ፤ ሰው የሚደበቅበት ቦታ አይደለም።

እታለም ከመስታወቱ ማዶ በሳቅ ፈረሰች። ድምፃችን በስፒከር ነው የሚተላለፈው። «ምሳህን ነው የቆጠረው! ያን ሁሉ ስትበላ አይቶሃል እኮ!»

«አትሳቂ፤ ክፈቺልኝ።»

«በምን ልክፈት? ውስጥ ሰው ካለ ከዚህ በኩል እንዳይከፈት ያደረገው ማነው? ጎረቤት ነው?»

እውነቷን ነው። እኔ ነኝ።

ጃኬቴን አወለቅኩ። ቁጭ አልኩ። 2። ብድግ አልኩ። 2።

እህቴ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ስክሪን ነበር፤ ከነሴንሰሩ፣ ያው ኢሜጅ የተጫነበት፣ ለመለዋወጫ የያዝነው። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው እየቆጠረ ነበር።

«ያኛው ስንት ይላል?» አልኳት።

«አንድ። እኔን።»

ስለዚህ ኢሜጁ ደህና ነው። ኢሜጁ ደህና ከሆነ ደግሞ...

ሐሳቡን አልጨረስኩትም።

«አጥፍተሽ አብሪው እስቲ።»

አጠፋችው። ስክሪኑ ጨለመ። መቆለፊያዎቹ እንዳዘዝኳቸው ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ አበራችው። የመሣሪያዋ ስም መጣ፣ ቋንቋው መጣ፣ ሰዓቱ መጣ... ሁሉም ጠዋት የጻፍኩት ነው።

1።

«ይኸው!» አለች እታለም። «እኔ ባልኖር ምን ይውጥህ ነበር?»

ሃያውን ሰከንድ መቁጠር ጀመርን።

2።

ቶሎ አልመጣም። ከኋላ ቀርቶ፣ ተረጋግቶ እንደሚገባ ሰው ነው የመጣው።

እታለም አለቃችን ዘንድ ደወለች። የኮሪደሩን በር ከውጭ የሚከፍተው ቁልፍ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። «አንድ ሰዓት ስጡኝ፤ መንገዱ ተዘጋግቷል» አላት።

«እስከዚያ ቅንብሩን ልለውጥልህ?» አለችኝ። «የሚፈቀደውን ሁለት ብዬ እንደገና ልገንባው?»

«ተገንብቶ እስኪያልቅ እሱ ይደርሳል።»

«ይድረስ። እጄን አጣጥፌ ከማይህ...»

«አይ። ሁለት እንዳትዪ።»

«ለምን?»

ምን ብዬ ልንገራት? ሁለት ካልን እኮ... ለሁለተኛውም ፈቀድንለት ማለት ነው።

ሳጥኑ ውስጥ አየር ማስገቢያው ገና አልተገጠመም። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ግንባሬን የኮሪደሩ በር ላይ አስደግፌ ቆምኩ። ፊት ለፊቴ ያለው መስታወት በትንፋሼ ደበዘዘ።

ከኋላዬ የእታለም ሳቅ ቆመ።

«ማሙሽ...» አለች በሹክሹክታ።

እንዲህ የምትጠራኝ ስታመም ብቻ ነው።

«ወዬ።»

«ፊትህ ወደ ኮሪደሩ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ በእኔ በኩል ያለው መስታወት ላይ... ማነው የሚተነፍሰው?»

ቀስ ብዬ ዞርኩ።

በክፍሉ በር መስታወት ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ መዳፍ የምታክል ጉም ነበረች። ትሰፋለች... ትጠባለች። ትሰፋለች... ትጠባለች።

ከእኔ አፍ ትንሽ ከፍ ብላ።

ትንፋሼ ቀጥ አለ። በድንጋጤ ነው እንጂ አስቤበት አይደለም።

ስክሪኑ ተለወጠ።

1።

«አንድ አለ!» ብላ ጮኸች እታለም። «ምን አደረግክ? ያደረግከውን ድገመው!»

አየር ሳብኩ።

2።

«ምንም አላደረግኩም» አልኳት። «ትንፋሼን ነው የያዝኩት።»

ሁለታችንም ጉሟን አየናት።

እኔ ሳልቆጠር የተቆጠረው... ማነው?

እሷም አስባዋለች፤ ፊቷ ነገረኝ። ግን እታለም ሽቦ ሲቃጠል እንኳ መጀመሪያ አጥፍታ በኋላ የምትደነግጥ ሰው ናት።

«የፈለገው ይሁን» አለች። «ሃያ ሰከንድ ያዘው። ሲከፈት ውልቅ በል። የቀረው እዚያው ይቅር።»

ከዚህ የተሻለ ምክር አልነበረኝም። ጀርባዬን ለጉሟ ሰጥቼ አፍንጫዬን ከኮሪደሩ በር ጋር አጣበቅኩ። ሳንባዬን ሞላሁ። ያዝኩ።

1።

እታለም ጮክ ብላ ትቆጥርልኝ ጀመር። መሀል ላይ ስትደርስ ጆሮዬ ጭው አለ። ደረቴ ነደደ። ያን ጊዜ ነው ከኋላዬ የሰማሁት።

ትንፋሽ።

አልቸኮለም። አልተጨነቀም። ወደ ውስጥ... ወደ ውጭ... ተራውን እንደሚጠብቅ ሰው።

ዓይኔን ጨፈንኩ። እታለም ቁጥሩን ጨረሰች።

ቀጭ።

በትከሻዬ ገፋሁ። ፊት ለፊቴ ያለው በር አልተነቃነቀም።

የተከፈተው ከኋላዬ ያለው ነው።

የሚከፈተው ሰውየው የተጠጋው በር ነው ብያችሁ ነበር። የተቆጠረው ሰው እኔ አልነበርኩም።

ዞሬ ሳልጨርስ በሩ ተመልሶ ተዘጋ።

«አንድ ሰው አልፏል። እናመሰግናለን» አለ የእህቴ ድምፅ።

እንደ ሰመጠ ሰው አየር ሳብኩ። ስክሪኑ 1 ይላል። እየተነፈስኩም 1። አሁን የተቆጠርኩት እኔ ነኝ። ወደ ኮሪደሩ በር ተጠግቼ ጠበቅኩ፤ ጊዜው ሲሞላ ወለል ብሎ ተከፈተ።

ኮሪደሩ እንደነበረ ነው። የፅዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ነካኝ። ከታች ከመንገድ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። አንድ እግሬን አወጣሁ።

«ተገላገልክ!» እታለም ፊቷን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ታጨበጭባለች። «የእኔ በር ለምን እንደተከፈተ አልገባኝም፤ በኋላ እናየዋለን። በል ቶሎ ልቀቅልኝ፤ እኔም ልውጣ!»

ልስቅ ዞርኩ።

በትከሻዋ ላይ አሻግሬ ጠረጴዛዋን አየሁት። ፀሐይዋ አሁንም ግማሹን ይዛዋለች። ቅድም እሷን ብቻ ቆጥሮ አንድ ያለው ትንሹ ስክሪን...

2።

ከእታለም አፍ ፊት መስታወቱ ላይ ጉም አለ። ይሰፋል... ይጠባል።

ከእሱ ከፍ ብሎ፣ በትከሻዋ በኩል... ሌላ አለ።

ማጨብጨቧን አቆመች። እንደዚያ አፍጥጬ አይቻት አላውቅም።

«የጠረጴዛዬ ስንት ይላል?» አለችኝ፣ ዞር ሳትል።

ዓይኔን ከትንሹ ስክሪን አልነቀልኩም።

ትከሻዋ ቀጥ አለ። ትንፋሿን ያዘች።

1።

ለቀቀችው።

2።

«ስንት ይላል አልኩህ...»

«ሁለት፣ እታለም።»

ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ሂድ» አለች፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። «ሄደህ አለቃችንን ጠብቀው። ቁልፉን ይዞ...»

ቁልፉ የኮሪደሩን በር እንጂ የእሷን እንደማይከፍት ከእኔ በፊት ታውቃለች። ሽቦውን የዘረጋችው እሷ ናት። እኔ ከወጣሁ ሳጥኑ ባዶ ይሆናል፤ የእሷም በር ይከፈታል። ትገባለች። ከኋላዋ ደግሞ ይገባል። በሩ ይዘጋል፣ ስክሪኑ 2 ይላል፣ እኔ የነበርኩበት ቦታ ትቆማለች። ትንፋሿን ብትይዝም የሚከፈተው ለእሷ አይደለም።

እኔ ደግሞ ተመልሼ ብገባ የማደርግላት ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ይህንንም በሐቅ ልናገር። እዚያ ክፍል ውስጥ ሆኜ የምከፍተው በር የለም።

ልጅ ሳለን ከጨለማው ጓዳ ዕቃ አምጣ ስባል፣ ምንም ሳትጠየቅ ከመቀመጫዋ ተነሥታ የምትከተለኝ እሷ ነበረች። እሷ ስለተከተለችኝ ጓዳው አይበራም ነበር። ግን እሷ አብራኝ ነበረች።

እግሬን ወደ ውስጥ መለስኩ። የኮሪደሩ በር ተዘጋ። ጡሩምባው ጠፋ።

ስክሪኑ ላይ 1።

ወደ እሷ በር ሄጄ ደረቴን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። ከላይ ያለው ጉም ወደ እኔ ዞር ያለ መሰለኝ።

«ምን እያደረግክ ነው?» ሹክሹክታዋ ተሰበረ። «አንተ ሞኝ! ውጣ እኮ አልኩህ! እዚህ ሁለት ነው የሚለው፣ አላየኸውም?»

ሃያ ሰከንዱ መቆጠር ጀምሯል።

«ሦስት ይበል፣ እታለም» አልኳት። «እገባለሁ።»