የወንድሜ ጀልባ ድምፅ

ነዚህ የሚባለውን ሰው ልወደው ብዬ አልወደድኩትም። እሱ ከስፋቅስ ከተማ ወደ ደሴታችን ወደ ቀርቀና የመጣ የሚዲያ ፕሮፌሰር፤ እኔ ማብሩካ፣ ሦስተኛ ክፍልን ያልጨረስኩ፣ ባሌ የሞተብኝ የአርባ ስድስት ዓመት ሴት።

የመንደሩን ሴቶች ሰብስቦ፣ «ታሪካችሁን በስልካችሁ ቅረፁ፣ በራሳችሁ ድምፅ ተናገሩ። እኔ አገጣጥሜ ፊልም አደርገዋለሁ» አለን።

«እኔ እኮ በቅጡ ማንበብም አልችልም» አልኩት።

«መናገርስ?»

«እሱን ጎረቤቶቼን ይጠይቁ!»

መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። ዓይኑን ያየሁት ያኔ ነው። ስልኬን አውጥቼ፣ «እንዴት እንደሚቀረፅ ያሳዩኝ» አልኩት።

እኛ ዘንድ ባሕር እንደ እርሻ ይወረሳል። ድርሻችንን በዘንባባ ዝንጣፊ አጥረን፣ የገባውን ዓሣ እንይዛለን። አንድ ማለዳ ባሌ የተወልኝን አጥር አንድ ጀልባ በተከለከለ መረብ የባሕሩን ወለል እየጠረገ ሲገነጣጥለው ቀረፅኩ። ጀልባው የወንድሜ የሸድሊ ነበር።

ነዚህ አንድ ደንብ አለው፤ ፊልሙን ለሕዝብ ከማሳየቱ በፊት ውስጡ ያለውን ሰው ያሳየዋል፣ «አውጣልኝ» ያለውን ያወጣለታል። ሸድሊ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጀልባዬ እንዳይታይ» አለው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አንተም ተጠንቀቅ፣ ፕሮፌሰር። ባሕር እንግዳ አያውቅም።»

ነዚህ ቃሉን ጠበቀ። ምስሉን በጥቁር ሸፍኖ ድምፁን ግን እንዳለ ተወው። ሞተሩ ሁለቴ ይመታል፣ ያስላል፣ ደግሞ ይመታል። ከተሜ ምን ያውቃል? እኛ ጋ ሕፃን እንኳ የማን ጀልባ እንደመጣ በሞተሩ ይለያል።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

ልነግረው ይገባ ነበር። አጥሬ ትዝ አለኝና፣ «ጥሩ ነው» አልኩ።

ፊልሙ በሚታይበት ቀን ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱን መስኮት በብርድ ልብስ ጋርደን መንደሩ ሁሉ ተቀመጠ። ጥቁሩ መጣ። ሞተሩ አሳለ።

«እንዴ! ይሄ የሸድሊ አይደለም?» አለች አንዲት አሮጊት።

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። እዚያ የቆመው ሸድሊ እኔን አላየኝም። ፕሮፌሰሩን ብቻ አይቶ ወጣ።

በማግስቱ ወደ ስፋቅስ የሚያሻግረው መርከብ ሠራተኞች አድማ ላይ ስለነበሩ ነዚህ በሽማግሌው በሐማዲ ባለ ሸራ ጀልባ ሊሻገር ተነሣ። ከቤቴ ሆኜ የወንድሜን ሞተር ሰማሁ። ሁለቴ መታ፣ አሳለ። እየሮጥኩ ሄጄ ከነቀሚሴ ባሕሩ ውስጥ ገብቼ የሐማዲን ጀልባ ያዝኩ።

«ምን ሆነሻል?» አለ ነዚህ።

«አብሬህ ልሄድ ነው።»

«ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል! ሞተሩ ይሰማሃል? እሱ ነው። በድምፁ እንደሚታወቅ እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩህ።»

መነጽሩን አወለቀ፤ አልሳቀም። ከዚያ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ተቀመጪ።»

መሀል ባሕር ላይ ሞተሩ ደረሰብን። ተነሥቼ ቆምኩ፣ ቀይ ሻሼን ከራሴ ገፍፌ ፊቴን አሳየሁት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልትገለብጪን ነው!» ጮኸ ሐማዲ።

ነዚህ እንዳልወድቅ ወገቤን ያዘኝ። ሞተሩ አንዴ አስሎ ጠፋ። ወንድሜና እኔ ተያየን፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ጀልባውን ወደ ደሴቱ መለሰ።

እኔና ነዚህ ስፋቅስ ወደብ አጠገብ ስንኖር ይኸው ሰባት ዓመታችን። ጀልባ በመጣ ቁጥር የያዝኩትን አስቀምጬ አዳምጣለሁ።

«የማን ነው?» ይለኛል።

«የወንድሜ አይደለም» እለዋለሁ።

እስካሁን የእሱ ሆኖ አያውቅም።