የብጣሽ ጨርቅ ጨዋታ

«ይሄ ውሻ ዛሬውኑ ከግቢው ይውጣ! አለበለዚያ እኔ አወጣዋለሁ!»

ግንበኛው ጎረቤት የአምስት ዓመት ልጁን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል። የልጁ ሱሪ ጫፉ ተቀዷል፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የጥርስ ምልክት ቀልቷል። በዚህ ሳምንት ውሻው የነከሰው ሦስተኛ ልጅ መሆኑ ነው።

«ድንጋይ ወርውሮበት ነው» አለች፣ በቁመቷ የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ ቀጭኔ የሚላት ልጅ።

«አልወረወርኩም! ዝም ብዬ ስሮጥ ነው የያዘኝ!» ሕፃኑ ለቅሶውን አቋርጦ ጮኸ።

«ቁመት ብቻ!» አላት ግንበኛው። «ልጄን ውሸታም ልታደርጊው?»

እናቷ ከስፌት መኪናዋ ተነሳች፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። «ወንድሜ፣ ልጄ አትዋሽም። ያንተን ያዝ!»

«የራስሽን ያዢ!» በሩን ወርውሮት ሄደ።

እናት ዞረች። «ከሰው ሁሉ ልታጣይኝ ነው። እውነት ወርውሮበታል?»

«አልኩሽ እኮ!»

እናቷ መልሳ ተቀመጠችና መኪናውን በእልህ ረገጠችው።

ውሻው ዳማ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ አለ። ከውሾች መጠለያ ከመጣ ገና ወሩ ነው። ከወለሉ ላይ ብጣሽ ጨርቅ አነሳና ጭራውን እየቆላ እግሯ ሥር ጣለላት።

ቀጭኔ ብጣሹን አየች። ሲመጣ ከአልጋ ሥር አልወጣም ብሎ ሦስት ቀን ከርሟል። ያወጣችው በዚህ ጨዋታ ነው። ብጣሹን ቁርጭምጭሚቷ ላይ አስራ ትሮጣለች፤ ብጣሹን ነክሶ ሲያስቆማት ሥጋ ታጎርሰዋለች። ጎበዝ! ትለዋለች።

ውጪ ልጆች እየተሯሯጡ አለፉ። የዳማ ጆሮ ቆመ።

ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ብትናገር ማን ይምራታል? ዳማን ያባርሩታል። ዝም ብትል ደግሞ ነገ አራተኛ ልጅ አለ።

ብጣሾቹን ለቃቅማ ከረጢት ውስጥ ቋጠረች። ዳማ አጉረመረመባት። በገመድ ከጠረጴዛው እግር ጋር አሰረችው።

«ወዴት ነው?» አለች እናቷ።

«ግንበኛው ጋ።»

«ልትሰደቢ?»

«ልጁ አልወረወረም፣ እማ። መንከስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

መኪናው ቀጥ አለ። እናቷ ቀና ብላ አየቻት።

«እኔን ፊቱ አስዋሸሽኝ!» አለች። «ሂጂ። ሱሪውን ይዘሽ ነይ። በእጅሽ ነው የምትሰፊው።»

ከግንበኛው ቤት ሕፃኑ አሁንም ሲነፋረቅ ይሰማል። እግሯ ወደኋላ ሊመልሳት ቃጣው።

አንኳኳች።

«ማነው?» አለ ያ ቁጡ ድምፅ።

«እኔ ነኝ» አለች፤ ደግሞም ሳትሸሽ በሩ እስኪከፈት ጠበቀች።