የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች

በምድር ምሕዋር ላይ በተገነባችው የጠለል ከተማ የሚጋቡ ሁሉ መጀመሪያ ጣታቸውን ለዘር ቆጣሪው ያስወጋሉ። ዘር ቆጣሪው ከደም ጠብታ የዘር ሐረግ ቁጥራቸውን አንብቦ እስከ ሰባት ቤት አለመዛመዳቸውን የሚያረጋግጥ መሣሪያ ነው። አራት ሺህ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖር እንዲህ ካልተጠነቀቁ ምን ይኮናል!

ማክሰኞ ጠዋት መሣሪያው ጉድ አመጣ። የጎንደር ዘር ያለውን ወጣትና ባለፈው ወር ከቬትናም የመጣች እጮኛውን «የአንድ ቤት ልጆች ናችሁ» ብሎ ከለከላቸው።

ፕሮግራሙን ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የጻፈው ልሳነወርቅ እየሳቀ ከፈተው። ሳቁ ብዙ አልቆየም። ፕሮግራሙ የተጻፈበት «ስሌት» የተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ለፍጥነት ሲል ሙሉ ቁጥርንም እንደ አስርዮሽ ነው የሚይዘው። እስከ አሥራ አምስት አሃዝ ይታመናል፤ ከዚያ ሲያልፍ ጭራውን ዝም ብሎ ያጠጋጋዋል። የዘር ሐረግ ቁጥር ደግሞ አሥራ ስምንት አሃዝ ነው፤ ቁጥራቸው በጭራው ብቻ የሚለያይ ሁለት ሰዎች ለመሣሪያው የአንድ ቤት ልጆች ይሆናሉ።

«አንተ ከንቱ!» አለው ስክሪኑን። «ሲያቅትህ አቃተኝ አትልም? ምን አለ አንዴ እንኳ ብታስነጥስ!» ግን ማንን ይሰድባል? ቋንቋውን የመረጠው ራሱ ነው።

የራሱንና የቀድሞ እጮኛው የደርብነሽን የድሮ መዝገብ አወጣ። ቁጥራቸው በመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ብቻ ይለያያል። ያኔ ሊጋቡ ሲሉ መሣሪያው ከልክሏቸው ነበር። አክስቱ በሁለቱም ወገን ሰባት ቤት በቃላቸው ቆጥረው «ምንም አትገናኙም ልጄ፣ አግባት» ቢሉት፣ «አክስቴ፣ ማሽን አይዋሽም» ብሎ መለሰላቸው። ወይ ጥጋብ!

ደርብነሽ ቤት ሲደርስ ልብስ እያጠፈች ነበር። ከዚያ ወዲህ እህትና ወንድም ተባብለው ኖረዋል፤ ሌላ ስታገባ የሸኛት እሱ ነው፣ ልጆቿም አጎቴ ይሉታል።

«ደርቤ፣ በድዬሻለሁ» አለና ሁሉንም ነገራት። «ዘመድ አይደለንም። ሆነንም አናውቅም።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «አክስትህ እኮ ነግረውህ ነበር።»

«ነግረውኝ ነበር።»

«እንደኛ የሆኑ ሌሎችስ አሉ?»

«መዝገቡን ሁሉ አይቼ ነው የመጣሁት፤ አሥራ ሰባት ጥንዶች።»

«ሂድና ንገራቸው። እኔን ግን ተወኝ።»

«እውነቱ እኮ…»

«አንዴ እጮኛዬን ወሰድክብኝ። ወንድም አገኘሁ ብዬ ተጽናናሁ። ዛሬ ደግሞ ወንድሜን ልትወስድብኝ መጣህ?»

«አልወስድብሽም» ሊላት አፉን ከፈተ። ቢላት ግን ውሸት ይሆናል። በእነዚያ ሃያ ሁለት ዓመታት አንድ ቀን እንኳ እንደ እህት አይቷት አያውቅም ነበር።