እስኪጠግብ

መለሰ የሞተው ጠግቦ ነው። በሰባ ሰባት ዓ.ም. መካነ ሰላም ውስጥ ጠግቦ መሞት ከሌብነት ይቆጠር ስለነበር ፖሊስ ተጠራ።

አምሳ አለቃ አራጌ ቅዳሜ ከሰዓት መማሪያ ክፍሉ ሲገባ ሬሳው ዴስክ ላይ ተደፍቷል። ክንዱ እንደ ጅራፍ ቀጥኗል፤ ሆዱ ግን ከበሮ ሆኗል። አጠገቡ የገንፎ ሳህን፣ ጣቶቹ ላይ ቅቤ። ሽታው ሲያውደው አራጌ ምራቁን ዋጠ፤ አፈረም።

«ከከላላ በእግሩ እየመጣ ነበር የሚማረው። እህል ካፉ ከገባ ሰንብቷል» አሉ መምህር ካሳ። «ለትርፍ ጊዜ ተማሪ መንግሥት የፈቀደው ድጎማ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ በወር ግማሽ ኩንታል ስንዴ። በውጤት አንደኛ ስለወጣ ሰኞ ሊቀበል ነበር።»

«ሁለተኛስ?»

«ይሄ ቢተው፣ የመጠለያው ድሬሰር፤ የጤና ሠራተኛው። ለርሃብተኛ አጥሚት በማንኪያ የሚያድለው። ሦስተኛዋ ይቺ ሐረግ ናት።»

«ሳህኑ የማን ነው?»

«የኔ» አለች ሐረግ። «ወላሂ፣ ባዶውን ነው ለቢተው ያዋስኩት! የሚተርፍ ቢኖር ልልስ ብዬ በር ላይ ቆሜ ነበር። ‹ጨርስ፣ ጨርስ› እያለ አስጨረሰው፤ እሱ ራሱ አንዲት አልቀመሰም።»

«አዘንኩለታ!» አለ ቢተው። «ከደጎሎ ገብስ ቢላክልኝ አገነፋሁለት። አብልቶ መጽደቅም ተከለከለ?»

አራጌ ሦስቱን ሬሳው ዙሪያ አስቀመጣቸው።

«አንድ ጥያቄ ብቻ። የተራበ ሰው ደጃችሁ ቢመጣ ምን ያህል ታበሉታላችሁ?»

«ያለኝን ሁሉ» አሉ መምህሩ።

«የሚተርፈኝን» አለች ሐረግ። «አይተርፈኝም።»

ቢተው ደረቱን ነፋ። «እስኪጠግብ!»

አራጌ ሳቀ።

«ሐሙስ በመጠለያው ሳልፍ አንዲት እናት ለልጇ ቂጣ ስታጎርስ ቀማሃት። ምን አልካት?»

ቢተው ዓይኑን ወደ በሩ ሰደደ።

«‹አንቺ ሴትዮ፣ ልትገድይው ነው? የከረመ ረሃብ በማንኪያ ነው የሚታረቀው!› አልካት። መምህሩ ይህን አያውቁም፤ ሐረግም አታውቅም። ‹እስኪጠግብ› ቢሉ የዋህነት ነው። አንተ ግን ቀን በቀን የምትጮኸውን ዛሬ ረሳኸው? አልረሳኸውም። ለዚህ ነው በዚህ ክፉ ቀን፣ በቅቤ የራሰ ገንፎ ፊት ቆመህ ጣትህን ያላስነካኸው። ለአንተ ምግብ አልነበረማ።»

«ገንፎ አበላህ ብሎ የሚያስር ሕግ የታለ?»

«ታስረህ ትጠይቀዋለህ።»

አራጌ ቢተውን ይዞ ሲወጣ ሐረግ ሳህኗን ከሟቹ አጠገብ አነሳች። ጠርዙን በጣቷ ጠርጋ ላሰችው፤ ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረች።

«መምህር፣ ሰኞ ጆንያ ይዤ ልምጣ፣ ወይስ እዚያው ይሰጣሉ?»